የራሷን ሥራ ለሰው የጠቆመችው ስመኝ

ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ኖርዝላንድ የሚባለው ሰፈር ውስጥ ስመኝ ሥራ ያላስገባችው ሐበሻ ካለ ወይ ጡረታ ወጥቷል ወይ ገና አልተወለደም። እኔንም ያስገባችኝ እሷ ናት። የልጄን ልጆች ሳሳድግ ከርሜ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲገቡ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ከቴሌቪዥኑ ጋር መጨቃጨቅ ጀምሬ ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወደ እኔ መጣችና «እትዬ ዓለምነሽ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ለሐሜት አያንስም» አልኳት።

«እንግዲያው ቺዝ ለማሸግም ይበቃል። ሰኞ ጠዋት መጥቼ እወስድዎታለሁ። ወፍራም ካልሲ ያድርጉ፣ ብርድ አለው» ብላኝ ሄደች። ጠየቀችኝ ማለት አይቻልም፤ ነገረችኝ ነው የሚባለው። ይኸው እስካሁን ቺዝ አሽጋለሁ።

ፋብሪካው ከኮሎምበስ ወደ ሰሜን አንድ ሰዓት ያህል ያስነዳል። ዙሪያው በቆሎና አኩሪ አተር ነው። ከተማዋ አንድ ዋና መንገድ፣ ጥቂት የትራፊክ መብራትና ብዙ የተዘጋ ሱቅ አላት። እኛ እርስ በርሳችን «ገጠር» እንላታለን። የከተማዋ ወጣቶች ሃይስኩል እንደጨረሱ ወደ ኮሎምበስ ይሸሻሉ፤ እኛ ደግሞ ከኮሎምበስ ተነስተን እነሱ የሸሹትን ሥራ ልንሠራ እንሄዳለን። አውራ ጎዳናው ላይ ስንተላለፍ ሰላም መባባል ነበረብን። ሠራተኛ ጠፍቶ ፋብሪካው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር አሉ። ስመኝ ከገባች በኋላ ግን የማሸጊያው መስመር ግማሹ ሐበሻ ሆነ። ሁዳዴን ሙሉ ያ ሁሉ ጾመኛ ነጭ ካፖርቱን ለብሶ ቺዝ ሲያሽግ ይውላል። አለቆቻችን አንድም ሰው ቁራጭ እንኳ ወደ አፉ አለማድረጉ ገርሟቸው፣ በመጨረሻ ታማኝነት ነው ብለው ደመደሙ። ጾም መሆኑን ማናችንም አልነገርናቸውም።

ስመኝ ራሷ አሻጊ አይደለችም። የማሽን ኢንጂነር ናት፤ ለዚያ ሁሉ ማሽን አንዲት ኢንጂነር። ኮምቦልቻ ተወልዳ፣ ባሕር ዳር ተምራ፣ ለማስተርስ ኦሃዮ መጣች። ስትመረቅ የከተማው ኩባንያ ሁሉ ቪዛ የሚለውን ቃል ሲሰማ ስልኩን እየዘጋባት፣ ይህ ገጠር ያለ ፋብሪካ ግን የሥራ ቪዛ አውጥቶ ቀጠራት። ለምን ቢሉ ሌላ ኢንጂነር እዚያ ድረስ ሄዶ መሥራት አልፈለገም። እሷ ይህን ስትናገር አታፍርም። «እነሱ ሰው ቸግሯቸዋል፣ እኔ አገር ቸግሮኛል፤ ተገናኘን» ትላለች። ቁመቷ አጭር ነው፣ እርምጃዋ ግን የረዥም ሰው ነው። ከማሽን ጩኸት በላይ መናገር ስለለመደች ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስታንሾካሹክ እንኳ ቄሱ ቀና ብለው ያያሉ።

ሰው ስታስገባ የራሷ ሥርዓት አላት። መጀመሪያ ቫኗ ውስጥ ታስቀምጠዋለች፤ እየነዳች ኢንተርቪው ታደርገዋለች። እኛ እናቶቻችን «ሰው ያመስግንሽ እንጂ ራስሽን አታመስግኚ» እያሉ ያሳደጉን ነን። አለቃ «ይህን ሥራ ትችላለህ?» ሲለን አንገታችንን ደፍተን «እሞክራለሁ» እንላለን። ስመኝ ይህን ቃል አትወድም። «እዚህ አገር ‹እሞክራለሁ› ያለ ሰው ‹አልችልም› እንዳለ ነው የሚቆጠረው። እሞክራለሁ የሚል ከመኪናዬ ይወርዳል» ትላለች። አንዱን እውነትም ነዳጅ ማደያ ላይ አውርዳው፣ «እችላለሁ» ብሎ እስኪጮህ ድረስ አላሳፈረችውም። አሁን ያ ሰውዬ የሺፍት ሱፐርቫይዘር ሆኖ እኛን ያዝዛል። ለምን እንዲህ እንደምትደክም ስትጠየቅ «እኔ የገባሁበት በር ከኋላዬ አይዘጋም» ነው መልሷ። ኩራቷ ይኸው ነው፤ ኩራቱም ያምርባታል።

ለሁሉ ሥራ ያገኘችው ስመኝ ሥራ ያላገኘችለት አንድ ሰው ቢኖር ባሏ ነው። ሳህሌ ኮምቦልቻ ቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህር ነበር። ልጃቸውን ሀሌሉያን ይዞ፣ በሚስቱ ቪዛ ተከትሏት መጣ። ቪዛው ግን መኖርን እንጂ መሥራትን አይፈቅድም። ስለዚህ ያ ጎልማሳ ቤት ዋለ። ልጅ ያደርሳል፣ ልጅ ያመጣል፣ ወጥ ይሠራል፤ ወጡ ደግሞ የእኔን ያስንቃል። የቀረውን ጊዜ መደርደሪያ ይሠራል። ቤታቸው ባዶ ግድግዳ ሲያጣ ወደ ጎረቤት ዞረ፤ አሁን እኔ ቤት መደርደሪያ እንጂ የሚደረደር ዕቃ የለም። ሳንቲም አይቀበልም። አንድ ጊዜ አንዱ ጎረቤት በግድ ኪሱ ከቶለት ሲሄድ በካልሲው ሮጦ መኪና ማቆሚያው ላይ ደረሰበትና መለሰለት።

«ከተቀበልኩ ሠራሁ ማለት ነው፤ ሠራሁ ማለት ደግሞ ስመኝን አስያዝኳት ማለት ነው» አለኝ።

እያደር ሳህሌ ሰው ወዳለበት መሄድ ቀነሰ። ሠርግ ሲጠራ ልጅቷን ያመኻኛል፤ ለቅሶ እንኳ ደርሶ በጓሮ ይወጣል። ምክንያቱ ገብቶኛል። እዚህ አገር ወንዶች «እንዴት ነህ» ከተባባሉ በኋላ የሚከተለው ጥያቄ «የት ነው የምትሠራው?» ነው። አንድ ቀን አንዱ ሲጠይቀው «ቤት» ብሎ ሲመልስ ሰምቼዋለሁ። ሰውዬው ከቤት በኮምፒዩተር የሚሠራ መስሎት «ታድለህ» አለው። ሳህሌ ፈገግ አለ፤ እኔ ግን ያን ፈገግታ አልወደድኩትም።

ስለዚህ የፋብሪካው የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊ ጁዲ ስመኝን ጠርታ «ኩባንያው ለግሪን ካርድ ስፖንሰር ሊያደርግሽ ወስኗል» ባለቻት ዕለት ከሁሉ በላይ የተደሰትነው ለሳህሌ ነበር። የመጀመሪያው ማጽደቂያ ሲመጣ እሱም የሥራ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል። ከዚያ የሚቀረው ወረፋ ቢረዝምም ይረዝማል እንጂ ሰውዬው ከቤት ይወጣል። ደግሞ ሳይቸኩል የሚሆን ነገር አልነበረም። የስመኝ የሥራ ቪዛ ዕድሜው ተወስኗል፤ ማመልከቻው በጊዜ ከገባ ይራዘማል፤ ካልገባ ሦስቱም ሻንጣቸውን ያዘጋጃሉ። የኩባንያው ሎየር ለስመኝ የነገራት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ይህ የኩባንያው ጉዳይ ነው። አንቺ አትግቢበት፤ ሥራሽን ሥሪ።» እሷም ደስ አላት፤ ወረቀት አትወድም። ሥራዋን ሠራች። ችግሩ የእሷ ሥራ ሁለት መሆኑን ሎየሩ አያውቅም።

አንድ ጠዋት ቫኗን ሞልተን ወደ ገጠር እየሄድን ሬዲዮው የፋብሪካችንን ስም ጠራ። ስመኝ ድምፁን ጨመረችው። የማሽን ኢንጂነር ይፈለጋል፤ ዲግሪ ያለው፣ በምግብ ማሸጊያ ማሽን ላይ የሠራ። ስመኝ መሪውን በመዳፏ መታችው።

«ሰሙኝ! እትዬ ዓለምነሽ፣ በመጨረሻ ሰሙኝ!»

ሁለተኛ ኢንጂነር ቅጠሩልኝ እያለች ከሥራ አስኪያጁ ጋር ስትጨቃጨቅ ከርማለች። ገና በዓል ላይ ማሽን ተበላሽቶ ጠርተዋታል፤ የልጇ ልደት ላይ ጠርተዋታል። ስለዚህ ማስታወቂያውን ስትሰማ የልመናዋ መልስ መሰላት። ለማን ሥራ እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ለማን እንደሚሆን አሰበች። ፋብሪካው በር ላይ ሳንደርስ ፊልሞንን በስልክ አግኝታው ነበር።

ፊልሞን መቀሌ የተማረ የማሽን መሐንዲስ ነው። አገር ቤት ፓስታ ፋብሪካ ውስጥ የማሸጊያውን ክፍል የመራ ሰው ነው። በስደተኝነት መጥቶ ዜግነት ከወሰደ ቆይቷል፤ ዌርሃውስ ውስጥ ግን ዕቃ የሚያነሳውን ፎርክሊፍት ይነዳል። የሚያፍር ዓይነት ልጅ ነው፤ አንድ ሁለት ቦታ አፕላይ አድርጎ መልስ ሲያጣ ዲግሪውን ሻንጣ ሥር ከተተው። ሳህሌን «ጋሼ፣ ኢንጂነር እኮ ነበርኩ» ሲለው ስሰማ «ነበርኩ» ማለቱ ያናድደኝ ነበር፤ ሰው ሳይሞት በራሱ ላይ እንዲህ አይናገርም።

ስመኝ እጅጌዋን ሰበሰበችና ያዘችው። በየምሽቱ እቤቷ እየጠራች የፋብሪካውን ማሽኖች በወረቀት እየሳለች አስጠናችው፤ የትኛው የት ጋ እንደሚያስቸግር፣ ሥራ አስኪያጁ ምን ዓይነት መልስ እንደሚወድ ነገረችው። ሳህሌ የራሱን ኮት አውጥቶ እጅጌውን በልኩ አሳጠረለት። ሀሌሉያ እንግሊዝኛውን ታርመዋለች፤ «ኖ ኖ፣ ሰይ ኢት ኮንፊደንትሊ» እያለች። እኔም ጸለይኩለት። በኋላ እግዚአብሔር ዘንድ ለስመኝም ለፊልሞንም በአንድ ሥራ መጸለያችንን ሳስበው፣ ምን ያህል ግራ እንዳጋባነው ይገርመኛል። ብቻ ያ «ነበርኩ» ሲል የኖረ ልጅ እንከን የማይወጣለት ሰው ሆኖ አፕላይ አደረገ። ምስክር ይሆኑልሃል የተባለበት ቦታ ላይ ደግሞ እንደ ወጉ ያስገባችውን ሰው ስም ጻፈ፤ ስመኝ።

ጁዲ ስሙን ስታይ ስመኝን ጠራቻትና በሩን ዘጋች። ምን እንደተባባሉ ስመኝ ያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ነግራናለች። ጁዲ መጀመሪያ «ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?» አለቻት። ስመኝም እንዳስለመደችን አንገቷን ቀና አድርጋ «በደንብ ነዋ፤ ከእሱ የተሻለ አታገኙም» አለች። ጁዲ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች።

«ስመኝ፣ ማስታወቂያው እኮ ያንቺ ነው።»

ሕጉ እንዲህ ነው ለካ። ኩባንያ ለውጭ ሰው ግሪን ካርድ ከመጠየቁ በፊት፣ ሰውዬው የያዘውን ያንኑ ሥራ ለአገሩ ሰው በማስታወቂያ ማውጣት አለበት። ብቁ የሆነ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከመጣ ጥያቄው እዚያው ይቆማል። ካልመጣ ብቻ ነው መንግሥት ይሁን የሚለው። ሁለተኛ ኢንጂነር የሚባል ነገር አልነበረም። ስመኝ የራሷን ወንበር በሬዲዮ ሰምታ፣ የሚቀመጥበትን ሰው ፈልጋ፣ አሠልጥና፣ የባሏን ኮት አልብሳ ላከችው።

ቫኑ ውስጥ ሁሉም ባንድ ጊዜ አፉን ከፈተ። «በቃ ይተውላት» አለ ከኋላ ያለው። «አሁኑኑ ኮል አድርጊለት፣ ሲሰማ ራሱ ይተዋል» አለች ሌላዋ። ስመኝ ራሷን ነቀነቀች። ሎየሩ በስልክ አስጠንቅቋታል፤ እሷ በዚህ ጉዳይ ልጁን ማናገር አትችልም፤ ማንም ገፋፍቶ ካስተወው ማጭበርበር ነው፤ ከታወቀ የሁሉም ነገር መጨረሻ ይሆናል። ሰውዬው ተወዳድሮ እንደ ማንም ሰው ይታያል።

«ማንም ምንም እንዳይለው» አለች። ይህን ያለችው ሐበሻ ለሞላበት ቫን ነው። በሦስተኛው ቀን ፊልሞን ሰማ።

ቅዳሜ ጠዋት ሳህሌ ቤት ነበርኩ። የመታጠቢያ ቤቴ በር አልዘጋ ብሎኝ፣ መጥቶ እንዲያይልኝ ልለምነው ነው የሄድኩት። ስመኝ ማሽን ተበላሽቶ ገጠር ተጠርታለች። ሳህሌ ምስር እየለቀመ ሳለ ፊልሞን ኮቱን አጣጥፎ በክንዱ ይዞ መጣ። አልቀመጥም አለ።

«ጋሼ፣ ይህን ልመልስ ነው የመጣሁት። ሰኞ ኢንተርቪው አለኝ፤ አልሄድም። ደውዬ እተወዋለሁ። እኔ የእናንተን እንጀራ አልበላም።»

እኔ በልቤ ተመስገን አልኩ። እውነቱን ልናገር እንጂ፤ የተባረክ ልጅ አልኩት። ሎየሩም አልገፋፋው፣ ስመኝም አላናገረችው፤ ልጁ በገዛ እግሩ መጥቶ ይተወዋል፤ ከዚህ የተሻለ ምን ይመጣል? ሳህሌ ኮቱን ተቀብሎ ምስማር ላይ ቢሰቅለው ነገሩ ሁሉ እዚያው አለቀ።

ሳህሌ ኮቱን አልተቀበለም። እጁን በፎጣ ጠረገና ወንበር ሳበለት።

«ተቀመጥ። ይህን ሥራ ትችለዋለህ?»

ልጁ አፉ ላይ የመጣውን ዋጠና «እችላለሁ» አለ።

«እንግዲያው ሰኞ ትሄዳለህ።»

«ጋሼ፣ እሷ እኮ ...»

«እሷን ተው፤ እኔን ስማኝ» አለ ሳህሌ። ድምፁን ከፍ አላደረገም። «ሙያ ይዞ ቤት መቀመጥ ምን እንደሆነ እዚህ ሰፈር ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ጠዋት ሁሉም ሲወጣ በመስኮት ታያለህ። ማታ ሲገቡ ‹ደከመኝ› ይላሉ፤ አንተ ደከመኝ የማለት መብት የለህም። እኔን የከለከለኝ ሕግ ነው፤ መቼም ሕግ ነው እላለሁ፣ ያልፋል እላለሁ። አንተን የምከለክልህ ግን እኔ ልሆን ነው። ያንን አልችለውም። አንተ እኔ የተቀመጥኩበት ተቀምጠህ፣ እኔ ደመወዝ ብበላ አይዋጥልኝም።»

ፊልሞን ፊቱን በኮቱ ሸፍኖ አለቀሰ። ወንድ ልጅ ሲያለቅስ ማየት አልወድም፤ ተነስቼ ምስሩን ለቀምኩ።

ማታ ስመኝ ሰማች፤ እኔም እነሱ ዘንድ ነበርኩ። ተቆጣች፤ ለዚያች ሴት ድምፅ የጎረቤት ግድግዳ ምኑም አይደለም። «የእኔን ድካም ነው የሰጠኸው! ሀሌሉያን አላሰብክም? በእኔ ስም ማን ለጋስ አደረገህ?» ሳህሌም ወደ ኋላ አላለም። «አንቺ ለስንቱ በር ስትከፍቺ አየሁ፤ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሽኝም። እኔ አንዱን ከፈትኩ፤ በቃ» አላት። መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃውን ለቀቀችው። ብዙ ቆየች። ፊቷን ታጥባ ስትወጣ «ያጠናውን የቫልቩን ነገር እንዳይረሳው» አለች። ከዚያ ወዲያ ስለዚያ ነገር ሲጣሉ አልሰማሁም።

ፊልሞን ሰኞ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ ወደደው፤ ምኑን ይጠላል? ያሠለጠነችው ስመኝ ናት። የስመኝ የግሪን ካርድ ጥያቄ ቆመ፤ የያዘችው ሥራ ግን አልተነካም። ይሁን እንጂ ሥራ አስኪያጁ ከፊቱ ሁለት ኢንጂነር ሲያይ፣ ስመኝ ስትለምነው የኖረችው ነገር እውነት መሆኑ ገባው። ፊልሞንን በእሷ ሥር ቀጠረው፤ እሷን ደግሞ የማሽኖቹ ክፍል ኃላፊ አደረጋት። ሎየሩ ለዚህ ለአዲሱ ሥራ ጥያቄውን ከሀ እንጀምራለን አለ። ጊዜው ገና ይበቃል፤ ዳግም ከተሰናከለ ግን አይበቃም። ስመኝ ለእኔ የነገረችኝ «እንግዲህ ከእኔ የሚሻል ካለ ይምጣ» ብላ ነው። እውነትም ትተማመን ነበር። እኔ ነኝ እንቅልፍ ያጣሁት።

አዲሱ ማስታወቂያ ወጣ። የሚመጣውን ሰው ችሎታ መዝኖ ለጁዲ የሚጽፍ፣ ማሽን የሚያውቅ፣ ስመኝ ያልሆነ ሰው ያስፈልጋል። በፋብሪካው ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ፊልሞን።

ያንን ሰሞን ብሬክ ሩም ውስጥ አብረን ስንበላ ማየት ነበር። ፊልሞን ከስመኝ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሽሮውን ይበላል። ማንን እንዳየ፣ ማን እንደመጣ መናገር አይችልም፤ አይናገርምም። ስመኝ መጠየቅ አትችልም፤ ግን ፊቱን ታነበዋለች። ሲስቅ «ማንም አልመጣም ማለት ነው» ትለኛለች በመንገድ ላይ። ሲተክዝ «አንዱ መጥቷል» ትላለች። አንድ ሳምንት ጭራሽ ምሳውን መኪናው ውስጥ መብላት ጀመረ። ያኔ እኔም ፈራሁ። ሰላምታ ስሰጠው ዓይኔን አያይም ነበር። እኔ በማዕድ ያልታመነ ሰው አልወድም፤ ቁርጡን ሳላውቅ ቂም ይዤበት ነበር።

ማመልከቻው በጊዜው ገባ። ይህን ስንሰማ የተረፈች መሰለን፤ ከዚያ ግን መንግሥት መልሱን ይዞ ተኛበት። በቆሎው ታጨደ፣ በረዶ መጣ፣ በቆሎው እንደገና ተዘራ። አንድ ቀን ጁዲ ራሷ ነጭ ካፖርት ለብሳ ወደ ማሽኖቹ ወርዳ ስመኝን አቀፈቻት። ሳህሌም በተራው ፈቃዱን አገኘ። ስመኝ ሦስት ቦታ አፈላልጋለት ነበር። እሱ ግን «ይህን አንዱን ለእኔ ተይልኝ» ብሎ ፒከሪንግተን በምትባል ጎረቤት ከተማ አዳዲስ ቤት የሚሠራ ተቋራጭ ዘንድ ራሱ ሄዶ፣ ራሱ ተናግሮ በአናጺነት ገባ።

ሥራ ሊጀምር ሁለት ቀን ሲቀረው ማዕድ ሠሩና ጠሩን። ፊልሞን ሙሽራ መስሎ መጣ። እየበላን ስመኝ አላስቻላትም።

«እሺ፣ አሁን አልቋል። አሁን ተናገር። ሰው መጥቶ ነበር?»

«መጥቶ ነበር» አለ ፊልሞን። «አብዛኞቹ ዝም ብለው ነው። አንዱ ግን ጎበዝ ነበር። ወተት ፋብሪካ የሠራ። ማሽኑን ሳሳየው ድምፁን ሰምቶ ብቻ የቱ ጋ እንደታመመ ነገረኝ።»

«ታዲያ ምን ሆነ?»

«ደመወዙን ወዶት ነበር። ሚስቱን አምጥቶ ከተማዋን አሳያት፤ እዚህ አልኖርም አለችው። ‹አልመጣም› ብሎ ለጁዲ ጻፈላት።»

ስመኝ ሳቀች። «እግዜር ይስጣት ለሚስቱ።» ከዚያ ሳቋን ገታ አደረገችና ትንሽ ጎንበስ አለች። «አንተስ ስለ እሱ ለጁዲ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?»

ፊልሞን ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰው። ሳህሌን አየ፤ ቀጥሎ እሷን።

«ብቁ ነው ብዬ» አለ።

ምሳውን መኪናው ውስጥ የበላበት ሳምንት ገባኝ። ሰውዬው ያን ደብዳቤ ባይጽፍ ኖሮ፣ ፊልሞን በጻፈው ቃል ብቻ ስመኝም ሳህሌም ልጅቷም ኮምቦልቻ ነበሩ። እኔ ብሆን አልጽፍም ነበር፤ ይህንን በምንም አልደብቅም።

ሳህሌ ተነሳ። የፊልሞንን ሳህን አንስቶ ከድስቱ ጨመረለትና ፊቱ አስቀመጠለት። ስመኝ ባሏን አየችው፤ ልጁን አየችው።

«ብላ፣ ይቀዘቅዛል» አለች። ድምፅዋ እንደ ወትሮው ነበር።

ጠረጴዛው ሥር ግን እጄን ይዛኛለች። ጣቶቼ እስኪደነዝዙ ድረስ አልለቀቀችኝም።